ብዕርና ምስክርነት
(ለማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር)



አቶ እስክንድር ነጋ በ1985 ዓ.ም. «ኢትዮጵስ» የተባለውን ጋዜጣ አቋቋሙ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሰርካለም ፋሲል ጋር ታሰሩ፤ ወይዘሮዋም በእስር ላይ ሳሉ ወለዱ። በ2004 ዓ.ም. የጋዜጠኞችን መታሰር ነቅፈው በጻፉ በጥቂት ቀን ውስጥ ተይዘው፤ በሽብር ተከሰው 18 ዓመት ተፈረደባቸው። የተፈቱት በ2010 ዓ.ም. ነው።

«ይህ ለጎጃም ገበሬ ምኑ ነው?» የሚል ቢኖር ነሐሴ 2015 ዓ.ምን ያስታውስ። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በደረሰ የከባድ መሣሪያ ድብደባ ሰላማዊ ሰዎች መጎዳታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገለጸ። ኢንተርኔቱም ተቋርጦ ነበር። የሟቹ ስም ማን ነው? የፈረሰውስ ቤት የማን ነበር? ከቦታው ተገኝቶ ይህን የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ከሌለ፤ የሞተው ሰው ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

አቶ እስክንድር ኋላ ወደ ትጥቅ ትግል ገብተዋል። ይህን የሚደግፍም የሚቃወምም በመካከላችን አለ። እኔ የምለው ግን መሣሪያ የያዘ ወገን፤ መንግሥትም ይሁን ተቃዋሚው፤ ለራሱ ሥራ ምስክር ሊሆን አይችልም ነው። ያ ቦታ የጋዜጠኛው ነው። ባዶውን እንዳይቀር መጠበቅ፤ ፊደል የቈጠርን ሁሉ ዕዳችን ነው።