ያጎነበሰች ፒክአፕ፦ የፊትን ከፍታ ለማስተካከል ዕቃ ስለ መምረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሞተር ወይም ስለ ካምቢዮ እንድናገር ትጠብቁ ይሆናል። እኔ ግን የመረጥሁት ከዚያ ያነሰ የሚመስል ጉዳይ ነው። አንድ ደንበኛ ፒክአፑን ይዞ ወደ ጋራዣችን ይመጣል። ከመኪናው ወርዶ ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን ይርቅና በእጁ እያመለከተ፣ «ፊቷ አጎንብሷል፤ ከኋላዋ ጋር እኩል አድርጉልኝ» ይለናል። እኛም አንዳች ሳንጠይቅ ክሪክና ቁልፍ እናነሣለን። ስሕተቱ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው፤ ይህንንም የምለው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን ራሴ የፈጸምሁት ስለሆነ ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ጋራዥ ኃላፊ ሳለሁ፣ የውሃ ቧንቧ ወደ ገጠር የምታመላልስ አንዲት ቶዮታ ሃይሉክስ መጣችልኝ። ፊቷን የሚሸከመው ሞላ ሳይሆን ቶርሽን ባር ነበር፤ ይኸውም እየተጠመዘዘ ክብደት የሚሸከም ረጅም የብረት ዘንግ ነው። የዚህ አሠራር ምቾቱ፣ አዲስ ዕቃ መግዛት ሳያስፈልግ የማስተካከያውን ቡሎን በማጥበቅ ብቻ ፊቱን ከፍ ማድረግ መቻሉ ነው። እኔም ቡሎኑን አጠበቅሁ። መኪናዋ ቀና አለች፤ ደንበኛውም አመስግኖ ሄደ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሾፌሩ፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ተመልሰው መጡ። «ልጄ፣ ቁመናዋስ አምሮ ነበር፤ ግን ጉድጓድ በገባች ቁጥር ከፊት እንደ መዶሻ ትመታለች። የዓባይን ቁልቁለት ስወርድም መሪው አላምነው ብሎኛል» አሉኝ።

መኪናዋን አንሥተን ስናይ የላይኛው ክንድ ቦል ጆይንት የጎማ ሽፋኑ ተቀዶ፣ አቧራ ገብቶበት፣ በእጅ ሲነቀንቁት ይወዛወዝ ነበር። ይህ ዕቃ ቢለይ ኖሮ በዚያ ቁልቁለት ላይ ጎማው ወደ ጎን በተኛ ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

ምን ነበር ያጠፋሁት? በመጀመሪያ፣ ቡሎን ማጥበቅ ፊትን ያጠነክራል የሚለውን በጋራዦቻችን የሰፈነ እምነት ይዤ ነበር። ይህ ሐሰት ነው። የዘንጉን ጥንካሬ የሚወስኑት ውፍረቱ፣ ርዝመቱና የተሠራበት ብረት ናቸው። ቡሎኑ የሚለውጠው ዘንጉ መጠምዘዝ የሚጀምርበትን ማዕዘን ብቻ ነው። ጎማው የሚሸከመው ክብደት ከመጥበቁ በፊትም ከጠበቀ በኋላም ያው ነውና። ታዲያ መኪናዋ ለምን ደረቀች? ክንዱ ወደ ታች ሊወርድ የሚችልበትን ርቀት አስቀድሜ ስለጨረስሁባት ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ የሚወርድበት ቦታ አጥቶ በማቆሚያው ጎሚኒ ላይ ይመታል፤ ሽማግሌው የሰሙት መዶሻ ይኸው ነበር።

ሁለተኛውና የባሰው ጥፋቴ አለመለካቴ ነው። ፊቷ ከቶውንም አልወደቀም ነበር! ቧንቧ እንድትችል ተብሎ ከኋላዋ ተጨማሪ ባሌስትራ ታስሮላት ስለነበር፣ ባዶዋን ስትቆም ከፍ ያለው ኋላዋ ነው። ዓይን ግን የትኛው እንደወጣና የትኛው እንደወረደ አይለይም፤ ልዩነቱን ብቻ ያያል። ከዚህም ሌላ የዚህች መኪና የኋላ ፍሬን፣ ሻንሲው ከኋላ አክሱ ያለውን ርቀት እያየ ግፊቱን የሚመጥን ቫልቭ ነበረው። በተጨመረው ባሌስትራ ምክንያት ሻንሲው ከፍ ስላለ፣ ቫልቩ ጭነት የያዘችውን መኪና እንደ ባዶ ቈጥሮ የኋላውን ፍሬን ይቀንስ ነበር። የፊቱ ሸራ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ስለሆነም ከዕቃው ምርጫ አስቀድሞ የሜትር ሥራ ይመጣል። መኪናዋን በለጥ ያለ ወለል ላይ ማቆም፣ ክሪክ ከወረደ በኋላ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት ማንከባለል፣ ከዚያም ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም ማዕዘን መለካት። ከመሬት አይለካም፤ የጎማው ንፋስና የመርገጫው መበላት ያሳስታልና። ልኬቱ አንድ ጊዜ በባዶዋ፣ አንድ ጊዜ ዘወትር የምትይዘውን ጭነት ይዛ ይወሰዳል። ፒክአፕ በባዶዋ ጥቂት አጎንብሳ የምትሠራው ሠሪው ስለተሳሳተ አይደለም፤ ጭነቱ ኋላዋን ሲያወርደው ቀጥ እንድትል ነው። በባዶዋ ቀጥ ያደረግናት መኪና ስትጫን ሽቅብ ታያለች።

ሽቅብ ማየቷ ለሌላውም ይተርፋል። በቪጎ ደብል ካቢን በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 3,085 ሚሊ ሜትር ነው። ፊቱን 50 ሚሊ ሜትር ብናነሣው የመብራቱ ጨረር በ10 ሜትር ርቀት ላይ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አጭሩ መብራት ግን ብዙውን ጊዜ የሚስተካከለው በዚያው ርቀት ከ10 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ዝቅታ ጠፍቶ ጨረሩ በቀጥታ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይመታል። መብራቱን ዳግመኛ ሳያስተካክል መኪና ከጋራዥ የሚያስወጣ ባለሙያ ሥራውን አልጨረሰም።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው ቪጎ ወዲህ ሃይሉክስ ፊቱን የሚሸከመው በሾክ አብዞርበሩ ላይ በተጠመጠመ ሞላ ነው። ለዚህ ዓይነቱ በገበያ ላይ በብዛት የሚታየውና ርካሹ ከአሉሚኒየም ወይም ከብረት የተሠራ ማስረዘሚያ ቀለበት ነው። ቀለበት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ከሾኩ ራስና ከሻንሲው መካከል የሚገባው፣ የሾኩን ጠቅላላ ርዝመት ስለሚጨምር ጎማውን ፋብሪካው ካሰበው በታች እንዲንጠለጠል ያደርገዋል። ያን ጊዜ ቦል ጆይንቱና በፎር ዊል መኪና ላይ የሰሚያሱ መገጣጠሚያ ያልተሠሩበትን ማዕዘን ይይዛሉ፤ ሞላው እስከ መጨረሻው ሲታመቅም ሾኩ ከጎሚኒው ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። በሞላውና በመቀመጫው መካከል የሚገባው ደግሞ የሾኩን ርዝመት አይለውጥም፤ ጉዳቱ እኔ በቶርሽን ባሩ ካደረግሁት ጋር አንድ ነው፣ ማለትም ከወራጁ ርቀት ይበላል። ሁለቱን ዓይነት ደራርቦ የሚያስር አይቻለሁ፤ ምን እንዳሰበ አላውቅም።

በቀለበት ሥራ ብዙዎችን የሚያሳስተው ልኩ ነው። ሞላው የቆመው በታችኛው ክንድ ጫፍ ሳይሆን ወደ መሐሉ ገባ ብሎ ነው። ከክንዱ ርዝመት 55 በመቶው ላይ ቢያርፍ፣ ከላይ የገባ 25 ሚሊ ሜትር ቀለበት መኪናዋን የሚያነሣት 25 ሳይሆን 45 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። «50 ያነሣል» የተባለለትን ዕቃ በእጁ ይዞ 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት የፈለገ፣ ይኸን ሳያሰላ ሁለት ያስገባል።

ሞላው በእርግጥ ደክሞ ከሆነ ግን፣ ይህም ከፋብሪካው ልክ ጋር በማስተያየት ይታወቃል፣ መድኃኒቱ አዲስ ሞላ እንጂ ቀለበት አይደለም። የደከመን ሞላ በቀለበት ማቆም ለጊዜው ቁመናን ይመልሳል፤ ድካሙን አያስቀርም። ከፊቷ የብረት መከላከያ ወይም መጎተቻ ዊንች ለዘለቄታው የተጫነባት መኪናም እንዲሁ ለዚያ ክብደት የተሠራ፣ ጠንከር ያለ ሞላ ትሻለች፤ ከእርሱም ጋር የሚመጥን ሾክ። ያለ ተጨማሪ ክብደት ይህንኑ ሞላ መግጠም ግን ተሳፋሪን ማንገላታት ብቻ ነው። ፊታቸው በባሌስትራ ስለተሠራው ስለ ቀድሞዎቹ ብዙ አልልም፤ የሞተ ቅጠል መለወጥ ይበቃል።

የቱም ይመረጥ የቱ፣ ከፍታ ሲለወጥ የጎማው አቋም አብሮ ይለወጣልና ኮንቨርጀንሳ የግድ ነው። የላይኛው ክንድ ማዕዘኑ በዝቶ ማስተካከያው ካልደረሰ፣ ከፍታው በዝቷል ማለት ነው፤ ዝቅ ይደረግ።

ያችን ሃይሉክስ ምን አደረግናት? ቡሎኑን ወደ ፋብሪካው ልክ መለስሁት፤ ቦል ጆይንቶቹን ለወጥን፤ ከኋላ የተጨመረውን ባሌስትራ አውጥተን ቧንቧው በሁለት ጉዞ እንዲመላለስ ከባለቤቱ ጋር ተስማማን። ባለቤቱ ደስ አላለውም፤ በባዶዋ እንደገና አጎንብሳ ነበርና። ሽማግሌው ሾፌር ግን ዙሪያዋን አንድ ጊዜ ዞረው አይተው፣ መሪውን ይዘው ወጡ። በፊቴ ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ቦል ጆይንት የዚያን ቀን የፈታነው ነው፤ ከስብሰባው በኋላ በእጃችሁ ነቅንቁት።