የቤት ውስጥ የኳስ ልምምድ፣ ቪዲዮውና የባለሙያው ኀላፊነት



ቀድሞ በሕክምና ክፍል ጥግ ብቻ ይታይ የነበረው ትልቁ የልምምድ ኳስ ዛሬ በስፖርት ዕቃ መደብር ይሸጣል፤ ከገዢውም ጋር ወደ መኖሪያ ቤት ይገባል። ኳሱ ወደ ቤት ሲገባ ግን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው አብሮ አይገባም። በእርሱ ምትክ የሚገኘው በቴሌቪዥን ወይም በእጅ ስልክ ላይ የሚታየው የቪዲዮ አሠልጣኝ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም ቪዲዮው ለጀማሪ ምን ሊሰጥ እንደሚችል፣ ምንስ ሊሰጥ እንደማይችል መርምሮ፣ የጎደለውን መሙላት የማን ተግባር እንደ ሆነ ማመልከት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የኳሱን አመጣጥ ማስታወስ ይጠቅማል። ኳሱን እ.ኤ.አ. በ1963 የሠሩት አኩዊሊኖ ኮሳኒ የተባሉ ኢጣሊያዊ የፕላስቲክ ዕቃ አምራች ነበሩ። ለሕክምና ካዋሉት ቀደምት ባለሙያዎች መካከል በስዊዘርላንድ ሕፃናትን ያክሙ የነበሩት እንግሊዛዊት ፊዚዮቴራፒስት ሜሪ ኲንተን ይገኙበታል። በባዝል ከተማም ሱዛን ክላይን ፎገልባኽ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ችግር ላለባቸው አዋቂዎች ሕክምና ተጠቀሙበት። የአሜሪካ ባለሙያዎች ይህን አሠራር ያዩት በስዊዘርላንድ ስለ ነበር ኳሱ በአገራቸው «የስዊስ ኳስ» ተብሎ ታወቀ። እንግዲህ በመጀመሪያው ዘመን ኳሱ፣ ታካሚውና የባለሙያው እጅ አይለያዩም ነበር ማለት ነው።

ቪዲዮው የመጣው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ተዋናይቷ ጄን ፎንዳ ያወጣችው የልምምድ ቪዲዮ ካሴት እጅግ በብዛት ተሸጦ፣ ሰው በገዛ ቤቱ በአሠልጣኝ መሪነት ሰውነቱን ማሠራት እንደሚችል አሳየ። ከዚያ በኋላ ካሴቱ በዲስክ፣ ዲስኩም በእጅ ስልክ ተተካ። ጥቅሙም ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ሁለት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ለስፖርት ቤት የሚከፍለው ለሌለው፣ ልጅ ትቶ ለመውጣት ለማይችል፣ ወይም በሰው ፊት መሥራት ለሚያሳፍረው ሰው ቪዲዮው ያለ ጥርጥር በር ከፋች ነው። ስለዚህ ባለሙያው ቪዲዮን ሊንቅ አይገባውም።

ይሁን እንጂ ቪዲዮ ያሳያል እንጂ አያይም። ለምሳሌ ያህል ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትውል አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ትታሰብ። ማታ ከሥራ ተመልሳ፣ ምንጣፍ ዘርግታ፣ ስልኳን ከአልጋው እግር አጠገብ አቁማ ልምምዱን ትጀምራለች። በጀርባዋ ተኝታ እግሯን ኳሱ ላይ ስታደርግ የአሠልጣኟን እንቅስቃሴ ለማየት አንገቷን ወደ ጎን ታዞራለች፤ አሠልጣኟ የምትናገረው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ጆሮዋ ዐይኗን አይረዳትም። ዳሌዋን ስታነሣ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ወገቧም ከመጠን በላይ ይለመጣል። አሠልጣኟ ግን «በጣም ጥሩ!» እያለች ትቀጥላለች። በሕክምና ክፍል ቢሆን ኖሮ አንድ እጅና አንድ ቃል ያርሙት የነበረው ስሕተት በቤት ውስጥ ሳምንት ከሳምንት ይደጋገማል።

እዚህ ላይ የኳሱን ጠባይ መገንዘብ ያስፈልጋል። ኳሱ ክብ በመሆኑ መሬትን የሚነካው በጥቂት ስፍራ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በላዩ የተቀመጠ ሰው የሆድና የጀርባ ጡንቻዎች ሚዛኑን ለመጠበቅ ያለማቋረጥ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የካናዳ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ጀርባን ኳስ ላይ አሳርፎ ትከሻን ቀና ማድረግ በጠንካራ ወለል ላይ ከሚደረገው ይልቅ የሆድ ጡንቻዎችን የበለጠ እንደሚያሠራ ታይቷል። ነገር ግን በጥናቱ የተሳተፉት 8 ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ጤነኞችና ወጣቶች ነበሩ። ለጤነኛ ወጣት ጥቅም የሆነው ተጨማሪ ሥራ ወገቡን ለሚያመው ጀማሪ ተጨማሪ ሸክም ሊሆን ይችላል። ብዙ የሚያሠራ ልምምድ ለሁሉም የሚስማማ ልምምድ አይደለም።

በመሆኑም ጀማሪው ቪዲዮውን ከመክፈቱ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛው የኳሱ መጠን ነው። ቁመቱ ከ155 እስከ 170 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ ሰው ብዙ ጊዜ 55 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኳስ ይስማማዋል፤ ከዚያ በላይ ለረዘመ ደግሞ 65 ሴንቲ ሜትር። ዋናው ፈተና ግን መቀመጥ ነው። ሁለቱ የእግር መዳፎች መሬት ረግጠው፣ ዳሌና ጉልበት 90 ዲግሪ ያህል መታጠፍ አለባቸው። ለጀማሪ ኳሱ ጥቂት ቢለሰልስ መልካም ነው፤ የለሰለሰ ኳስ መሬቱን በሰፊው ስለሚነካ አይንሸራተትም። ከተወሰነለት መጠን በላይ መንፋት ግን አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ 3 ሚሊዮን ያህል ኳሶች ከልክ በላይ ሲነፉ ሊፈነዱ ስለሚችሉ ከገበያ እንዲመለሱ ተደርጓል።

ሁለተኛው ስፍራው ነው። ኳሱ በግድግዳ አጠገብ፣ የማያንሸራትት ምንጣፍ ላይ፣ ከጠረጴዛ ማዕዘንና ከምድጃ ርቆ መቀመጥ አለበት። ካልሲ አድርጎ መሥራት ያንሸራትታል፤ ባዶ እግር ወይም የስፖርት ጫማ ይሻላል።

ሦስተኛው የልምምዱ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ኳሱ ላይ ተቀምጦ እጆችን በኳሱ ጎንና ጎን ደግፎ ዳሌን በዝግታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ፤ ይህ ሲለመድ አንዱን ተረከዝ፣ ቀጥሎም አንዱን እግር ከመሬት ጥቂት ማንሣት፤ ከዚያም ኳሱን በወገብና በግድግዳ መካከል አድርጎ ጉልበትን በመጠኑ እያጠፉ መውረድና መነሣት፤ በመጨረሻ በጀርባ ተኝቶ ባቶችን ኳሱ ላይ አሳርፎ ዳሌን ማንሣት። በዚህ በመጨረሻው ልምምድ ኳሱ ወደ ጉልበት በቀረበ መጠን ሥራው ይቀልላል፤ ወደ ቁርጭምጭሚት በራቀ መጠን ይከብዳል። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 10 ጊዜ መሥራት ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በኳሱ ላይ መንበርከክና መቆም የጀማሪ ሥራ አይደለም፤ ቪዲዮው ቢያሳይም መተው ይገባል።

አራተኛው የማቆሚያ ምልክቶችን ማወቅ ነው። የደረት ሕመም፣ ማዞር፣ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ወይም መደንዘዝ ሲሰማ ልምምዱ ወዲያው መቆም አለበት። ነፍሰ ጡር፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ አጥንቱ የሳሳ ወይም ሚዛኑን መጠበቅ የሚቸግረው ሰው ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ሳያማክር መጀመር የለበትም።

ይህ ሁሉ ለባለሙያ አዲስ አይደለም። ጥያቄው ይህ ዕውቀት ወደዚያች የቢሮ ሠራተኛ ቤት በምን መንገድ ይደርሳል የሚለው ነው። አንደኛው መንገድ ታካሚው ከሕክምና ሲሰናበት «በቤትህ ስፖርት ሥራ» ብሎ ከመሸኘት ይልቅ ሊከተለው ያሰበውን ቪዲዮ አብሮ ማየት ነው። ዐሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ባለሙያው የሚተወውንና የሚይዘውን ሊለይለት ይችላል። ሁለተኛው ቪዲዮውን አስቀድሞ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው እንዲመለከት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ምንጣፉ እንዲወርድ ማስተማር ነው፤ ይህን ያደረገ ሰው በልምምዱ መካከል አንገቱን አያጣምምም። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ መመሪያውን በገዛ ቋንቋው መስጠት ነው። «ትንፋሽህን አትያዝ፤ ወገብህን አትለምጥ፤ ጉልበትህ ወደ ውስጥ አይግባ፤ ካመመህ አቁም» የሚሉ አራት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች በባለሙያው ድምፅ በታካሚው ስልክ ላይ ቢቀዱ፣ በእንግሊዝኛ ከሚነገር የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ይልቅ ሊጠቅሙ ይችላሉ። ጆሮ መመሪያውን ሲይዝ ዐይን ወደ ጣራው ሊያይ ይችላልና።

ኳሱን ለሕክምና ያበቁት ባለሙያዎች ያወረሱት ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ የታካሚውን አካል አይቶ የማረምንም ልማድ ጭምር ነው። ዕቃው ወደየቤቱ ገብቷል፤ ከእንግዲህ አይመለስም። አይቶ ማረሙ ግን ወደዚያ እንዲገባ የሚያደርገው ገበያው ሳይሆን ባለሙያው ነው። እያንዳንዱ አባል ከታካሚዎቹ አንዱን በዚህ መልክ ቢያሰናብት፣ ያ ሰው ማታ ምንጣፉን ሲዘረጋ በስልኩ ከሚታየው አሠልጣኝ ሌላ የሚያርመው ድምፅ ከአጠገቡ ይኖረዋል።