የሰርቨር ዝምታና የደንበኛው ግዴታ



አንድ ፕሮግራም በራሱ ኮምፒዩተር ዲስክ ላይ በጻፈ ጊዜ ሥራው ስለ መፈጸሙ ወይም ስለ አለመፈጸሙ ብዙ ሳይቆይ መልስ ያገኛል። ፋይሉ በኔትወርክ ማዶ ባለ ሰርቨር የተቀመጠ እንደሆነ ግን ሦስተኛ ሁኔታ ይጨመራል፤ ይኸውም ዝምታ ነው። ሄዶ የቀረውን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» ማለት የተለመደ ነው። በኔትወርክ ግን መልእክተኛው በመሄድ ላይ ሳለ ይጥፋ ወይም ሥራውን ፈጽሞ ሲመለስ ይጥፋ፣ ወይስ ሰርቨሩ ሥራ በዝቶበት ያቆየው፣ ላኪው ለይቶ ሊያውቅ አይችልም።

ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ኤን.ኤፍ.ኤስ. ለዚህ ችግር የሰጠው መፍትሔ ቀላል ነበር፤ መልስ ካልመጣ ጥያቄውን መድገም። «ከዚህ ቦታ ጀምረህ ይህን ያህል ባይት አንብብ» የሚለው ጥያቄ ዐሥር ጊዜ ቢደገም ጉዳት የለውም። «ይህን ፋይል ሰርዝ» የሚለው ግን እንደዚያ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ ፋይሉን ሰርዞ መልሱ ቢጠፋ፣ ሁለተኛው «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» የሚል ስሕተት ያመጣል። የተሳካው ሥራ እንዳልተሳካ ሆኖ ይነገራል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ቼት ጁስቻክ በዩዝኒክስ ጉባኤ ባቀረበው ጽሑፍ ሰርቨሩ በቅርቡ የመለሳቸውን ጥያቄዎች በማስታወስ ድግግሞሹን እንዲለይ የሚያደርግ ዘዴ ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የ4.1 ደንብ ደግሞ ለጥያቄዎቹ ተራ ቁጥር በመስጠት አንዱ ሥራ ሁለት ጊዜ እንዳይፈጸም አደረገ።

መድገሙ ራሱ ልክ ያስፈልገዋል። ሥራ የበዛበትን ሰርቨር በጥያቄ ማጣደፍ ሸክሙን ማክበድ ነው። ስለዚህ የሊኑክስ ደንበኛ በቲ.ሲ.ፒ. ሲሠራ አስቀድሞ 60 ሰከንድ ይጠብቃል፤ በየድግግሞሹም የመጠበቂያውን ጊዜ ያራዝማል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምርጫ ከሁሉም የከበደ ነው። «ሃርድ» በሚባለው አሠራር ደንበኛው ሰርቨሩ እስኪነሣ ድረስ ያለማቋረጥ ይደግማል፤ ፕሮግራሙም ቆሞ ይቀራል። «ሶፍት» በሚባለው ግን ከተወሰነ ሙከራ በኋላ ተስፋ ቆርጦ ለፕሮግራሙ ስሕተት ይመልሳል። ቆሞ መቅረት ተጠቃሚውን ያስቈጣል፤ ነገር ግን ስሕተቱን የማይመረምር ፕሮግራም በግማሽ የተጻፈውን የሒሳብ መዝገብ ሙሉ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። የሚጻፍበት ፋይል ካለ «ሃርድ» መምረጥ ይገባል።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ደንበኛው የተጻፈውን በማኅደረ ትውስታው አቆይቶ ወደ ሰርቨሩ የሚልከው ዘግይቶ ስለሆነ፣ ዲስክ መሙላትን የመሰለ ስሕተት የሚገለጠው ብዙ ጊዜ ፋይሉ ሲዘጋ ወይም «ኤፍሲንክ» ሲጠራ ነው። የመዝጊያውን መልስ ሳያይ «ተቀምጧል» ብሎ ለተጠቃሚው የሚያበሥር ፕሮግራም ያላረጋገጠውን ይመሰክራል። እውነተኛውን ምላሽ እስከ ተጠቃሚው ማድረስ የፕሮግራም ሠሪው ግዴታ ነው።