ዓይነት 68፦ ስለ አንድ የኖርዌይ የኤሌክትሪክ ባቡር
(ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ ዝና ስለሌለው ባቡር ልንነግራችሁ ነው። ይህ ባቡር በፍጥነቱ ዓለምን ያስደነቀ አይደለም። ጧት ሠራተኛውንና ተማሪውን ወደ ኦስሎ ከተማ አምጥቶ፣ ማታ ወደየቤቱ የሚመልስ ሦስት ፉርጎ ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር ነበር። የኖርዌይ ምድር ባቡር «ዓይነት 68» ይለዋል። ስለ ትልልቆቹ ሥራዎች ብዙ ይነገራልና፣ እኛ ደግሞ ስለዚህ ትሑት ባቡር ብንናገር የምንማረው ነገር አለ ብለን ተነሣን። የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከውሃው እንጀምር። ኖርዌይ ተራራና ዝናብ የበዛባት አገር ናት፤ ወንዞቿም ከከፍታ ወደ ባሕር የሚወረወሩ ናቸው። የድንጋይ ከሰል ግን በሰሜን ርቀው ከሚገኙት ከስቫልባርድ ደሴቶች በቀር የላትም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ባቡሮቿ በእንፋሎት በሚሄዱበት ዘመን ከሰሉን ከእንግሊዝ አገር በመርከብ ታስመጣ ነበር። የኛ ሰው «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንደሚለው፣ ኃይል በደጇ እየፈሰሰ ኃይልን ከባሕር ማዶ ትገዛ ነበር ማለት ነው። በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ከሰል ተወደደ፤ ማግኘትም አስቸጋሪ ሆነ። ያን ጊዜ በፏፏቴው የመጠቀሙ ሐሳብ የሊቃውንት ወግ መሆኑ ቀርቶ የአገር ጉዳይ ሆነ።

በ1922 ከዋናው ከተማ ወደ ድራመን የሚወስደው 53 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መንገድ በኤሌክትሪክ መሥራት ጀመረ። ከተማው በዚያን ጊዜ ክሪስቲያንያ ይባል ነበር፤ ኦስሎ የተባለው በ1925 ነው። ለዚሁ መንገድ ኃይል እንዲሰጥም የሐካቪክ የውሃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ።

እዚህ ላይ የምሕንድስና ተማሪዎች ጆሮ እንድትሰጡን እንለምናለን። በሐዲዱ ላይ የተዘረጋው ሽቦ የሚሸከመው 15,000 ቮልት ሲሆን፣ ኤሌክትሪኩ የሚመላለሰው በሴኮንድ 16 ከ2/3 ጊዜ ነው። ለቤትና ለፋብሪካ የሚሰጠው ግን በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። ይህ ልዩነት ለምን መጣ ቢባል፣ የዚያ ዘመን የባቡር ሞተር በ50 ቢነዳ፣ በካርቦኑና በሚሽከረከረው መዳብ መካከል የእሳት ብልጭታ እየበዛ ሞተሩን ያበላሸው ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስዊስ፣ ስዊድንና ኖርዌይ ዝቅተኛውን ቁጥር መረጡ። ምርጫው ለጊዜው ትክክል ነበር፤ ዳሩ ግን ልጅ ልጆቻቸውንም አሰረ። ኖርዌይ እስከ ዛሬ ድረስ የአገሩን ኤሌክትሪክ ለባቡር የሚስማማ አድርጎ የሚለውጥ ጣቢያ በየመንገዱ ማኖር ግድ ሆኖባታል።

ከ1940 እስከ 1945 አገሪቱ በጀርመን ጦር ተይዛ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የተጎዳውን መጠገን፣ ያረጀውንም መተካት አስፈለገ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ «እንፋሎት ይወገድ» የሚል መፈክር ተነሥቶ፣ የኤሌክትሪኩ ሽቦ በ1956 ስታቫንገር፣ በ1964 በርገን፣ በ1970 ደግሞ በዶቭረ ተራራ በኩል ትሮንድሃይም ደረሰ።

ዓይነት 68 የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፉርጎዎቹን የሠራው ኦስሎ ውስጥ የነበረው የስካቦ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው በ1864 የተመሠረተ ነውና፣ በዚያን ጊዜ ዘጠና ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነበር። የኤሌክትሪኩን ክፍል የሠራው ደግሞ የስዊሱ የብራውን ቦቨሪ ወገን የሆነው የኖርዌይ ኩባንያ ነው። ቁጥሩንም ልብ በሉልን። ከ68 በፊት 65፣ 66 እና 67 የተባሉ ነበሩ። 68 ከሰማይ የወረደ አዲስ ነገር ሳይሆን የታላላቆቹ ታናሽ ወንድም ነበር።

ይህ ባቡር ሎኮሞቲቭ ከፊት የሚጎትተው አይደለም። ሞተሩ ከተሳፋሪዎቹ ፉርጎዎች ባንደኛው ውስጥ ነው፤ ነጂውም በሁለቱም ጫፍ መቀመጫ አለው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም በዚያን ጊዜ ለኦስሎ ትልቅ ነገር ነበር። ከተማው ምዕራብና ምሥራቅ የሚባሉ ሁለት ጣቢያዎች ነበሩት፤ ከምዕራብ የመጣውም የመንገደኛ ባቡር ምዕራብ ጣቢያ ሲደርስ መንገዱ ያበቃል። ሎኮሞቲቭ ያለው ባቡር ቢሆን፣ ሎኮሞቲቩ ተፈትቶ በሌላ ሐዲድ ዞሮ በወዲያኛው ጫፍ እስኪቀጠል ድረስ ሕዝቡ ይጠብቃል፤ ሐዲዱም ይያዛል። በእንደ 68 ባለው ባቡር ግን ነጂው መሣሪያውን ይዞ ከፊት ወደ ኋላ በእግሩ ይሄዳል፤ የኋላው ፊት ይሆንና ባቡሩ ይመለሳል። ሰው በሚበዛበት ሰዓትም ሁለቱን ባቡር ቀጥሎ በአንድ ነጂ መንዳት ይቻላል። በዚህ ዓይነት አዲስ ሐዲድና አዲስ ጣቢያ ሳይሠራ ብዙ ሕዝብ ማመላለስ ተቻለ።

የባቡሩ ዕድል ግን ቀላል አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ኖርዌይ ውስጥ ያለ ፈቃድ የቤት አውቶሞቢል መግዛት አይቻልም ነበር። ይህ ክልከላ የተነሣው በ1960 ነው። ስለዚህ ባቡሮቹ ገና አዲስ ሳሉ፣ ሕዝቡ አውቶሞቢል መግዛት ጀመረ። በ1970 ዓይነት 69 የሚባለው ተተኪ መጣ፤ በ1980 ደግሞ ከከተማው በታች የተቆፈረው ዋሻ ምሥራቁንና ምዕራቡን አገናኘ። ዓይነት 68 ይህን ሁሉ አይቶ፣ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ሕዝብ ሲያመላልስ ቆየ። የሠራው የስካቦ ፋብሪካ ግን ከልጁ ቀድሞ ተዘጋ። ዛሬ ኖርዌይ ካሏት የአካባቢ ባቡሮች ብዙዎቹ የተገዙት ስታድለር ከተባለው የስዊስ ኩባንያ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችንን እንስጥ። ከእኛ መካከል አንዳንዶቹ «ሀብታሟ ኖርዌይ እንኳ ባቡር መሥራቱን ትታ ከገዛች፣ ሌላው አገር ምን አደከመው?» ይላሉ። ይህ አስተያየት ግማሽ እውነት አለው። ለትንሽ ሕዝብ ጥቂት ባቡር የሚሠራ ፋብሪካ ለዘለዓለም አይኖርም። ነገር ግን የቀረው ግማሽ ይበልጣል። ከ65 እስከ 69 ድረስ ደረጃ በደረጃ ሲሠራ፣ አገሪቱ ባቡር ብቻ አላገኘችም፤ ባቡር የሚያውቅ ሰው አገኘች። ዛሬም ስትገዛ የምትገዛው ምን እንደምትፈልግ አውቃ ነው። ሠርቶ የሚያውቅ ገዢና ሠርቶ የማያውቅ ገዢ በገበያ ላይ እኩል አይደሉም።

ይህ ነገር እኛንም ይነካናል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2016 ሲመረቅ፣ ኤሌክትሪኩ 25,000 ቮልትና በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ሆኖ ነው የተሠራው። ቁጥሩ ከአገሩ ኤሌክትሪክ ጋር አንድ ነውና፣ ኖርዌይን የሚያደክማት መለወጫ ጣቢያ ለእኛ አያስፈልገንም። ዘግይቶ መጀመር ይህን የመሰለ ጥቅም አለው። የእጅ ሙያን ግን ዘግይቶ መጀመር አይሰጥም፤ እርሱ የሚገኘው በመሥራትና በመጠገን ብቻ ነው።

ባቡር ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ አይጠፋም። ዓይነት 68ን ከአርባ ዓመት አካባቢ ያቆየው ግን በየሌሊቱ ጋራዥ ገብቶ ብሎኑን ያጠበቀው፣ ካርቦኑን የለወጠው ስሙ ያልታወቀ ሰው ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ ሁላችንም ሪባኑ ወዳለበት የምንሮጥ ከሆነ፣ ብሎኑን ማን ያጠብቀዋል? ይህን ጥያቄ ለእናንተም ለራሳችንም ትተን ንግግራችንን እንፈጽማለን።