«ድብልቅ» ስንል ምን ማለታችን ነው?



በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ከመሐንዲስ የሚጠበቀው የስሌትና የንድፍ ነገር መሆኑን ሳልዘነጋ፣ ስለ አንድ ቃል ለመናገር መርጫለሁ። ቃሉ በሥራ ቦታ ዘወትር በአፋችን የሚመላለሰው «ድብልቅ» ነው። ወደዚህ ያደረሰኝም የመዝገበ ቃላት ፍቅር ሳይሆን አንድ የፈረሰ ዓምድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምቆጣጠረው ሕንፃ ላይ፣ ከምሳ በፊት የተቦካ ኮንክሪት ከቀትር በኋላ ጠጥሮ ተገኘ። እኔም በችኮላ ሳልፍ «ድብልቁን አስተካክሉት» ብዬ አለፍሁ። ድብልቅ የተባለ ነገር የሚስተካከለው የጎደለውን በመጨመር ነውና ሠራተኞቹ ውሃ ጨመሩ፤ በአካፋ አገላብጠውም ዓምዱን ሞሉት። በሰባተኛው ቀን ከዚያው ቡኮ የተወሰደው ናሙና ሲጨመቅ ከሚፈለገው ጥንካሬ እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ዓምዱም እንዲፈርስ ሆነ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሥራውን ይመሩ የነበሩትን አዛውንት ግንበኛ ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ኢንጂነር፣ ጭቃ ሲጠጥር ውሃ ይጨመርበት የለም እንዴ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

በእርግጥም የጭቃ ቤት ሲሠራ አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር እየተረገጠ፣ ውሃ እየተጨመረበት፣ ለቀናት ይቦካል፤ ባደረ ቁጥርም ይሻላል። (ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ የሚይዝ መሆኑን አባቶቻችን ያለ ቤተ ሙከራ ደርሰውበታል።) «ሲሚንቶ አቡካ» ስንል የተዋስነው ቃል ከዚሁ ጭቃና ከእንጀራው ሊጥ ነው። ሁለቱም ጊዜን የሚወዱ ናቸው። ሲሚንቶ ግን ውሃ ከነካው ሰዓት ጀምሮ ሌላ ነገር መሆን ይጀምራል። የታወቁት የደረጃ መመዘኛዎች መጠጠር የሚጀምርበት ጊዜ ከ45 ደቂቃ እንዳያንስ የሚያዝዙትም ለሠራተኛው እፎይታ ለመስጠት ነው። በኬሚካል የሚታሠረው ውሃ ከሲሚንቶው ክብደት ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ለሥራ እንዲመች ከዚያ በላይ መጨመራችን ግድ ቢሆንም፣ የተረፈው ውሃ ሲወጣ የሚተወው ባዶ ቀዳዳ ነው።

እንግዲህ ቋንቋችን ለተጣመሩ ነገሮች ያለውን ስያሜ እንመልከት። ነጩና ቀዩ አብሮ የተገኘ ጤፍ «ሰርገኛ» ይባላል፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ፍሬውን ከፍሬው ሊለየው ይችላል። ድብልቅ ማለት በትክክል ይህ ነው፤ ቃሉ ሲደጋገም «ድብልቅልቅ» ሆኖ ሁከትን መግለጹም ያለ ነገር አይደለም። «ቅይጥ» የእህል ቃል ሆኖ ሳለ በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የ«ቅይጥ ኢኮኖሚ» መመሪያ ባወጀ ጊዜ የፖለቲካ ቃል ሆነ። «ድምር» ከግዕዙ «ደመረ» የወጣ የደመራ ወንድም ነው፤ በደመራው ላይ እሳቱ እስኪያያዝ ድረስ እያንዳንዱ ችቦ ችቦ ነው።

«ውሕድ» ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። ሥሩ «አሐዱ» እና «ዋሕድ» ከሚሉት የግዕዝ ቃላት ጋር አንድ ነው፤ «ተዋሐደ» ማለትም አንድ ሆነ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስለ ተዋሕዶ ሲያስተምሩ ቱሳሔን፣ ማለትም መቀላቀልን፣ እንዲሁም ውላጤን፣ ማለትም መለወጥን፣ አጥብቀው ይከለክላሉ። የኬሚስትሪ መምህራን ቃሉን ሲወስዱ ግን ባሕርያቸውን ለለወጡ ነገሮች ሰጡት። ይህን የምጠቅሰው በማላውቀው የሊቃውንት ጉዳይ ለመግባት ሳይሆን፣ አንዱ ቃል በሁለት ቤት ሁለት ሥራ እንደሚሠራ ለማመልከት ነው።

የባዕድ ቃሎቻችንም የየራሳቸው ምስክርነት አላቸው። «ኮንክሪት» ከላቲን ሲመጣ ትርጉሙ አብሮ ያደገ ማለት ነው፤ ከ«ድብልቅ» ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ይመስለኛል። «አርማታ» ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን የታጠቀ ማለት ነው። ትጥቁ ፌሮው ነው። የፓሪሱ አትክልተኛ ዦዜፍ ሞኒዬ እ.ኤ.አ. በ1867 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በብረት ሽቦ ለታጠቀ የአበባ መትከያ ነበር። በአርማታ ውስጥ ብረቱ ብረት፣ ኮንክሪቱም ኮንክሪት ሆኖ ይቀራል፤ በሙቀት የሚለጠጡበት መጠን ስለሚቀራረብ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ መጨመቅን፣ ሌላው መሳብን ይሸከማል። ይህን ድብልቅ ማለት ስህተት ነው፤ ጥምር ብንለው ይስማማዋል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ጠጠሩ፣ አሸዋውና ሲሚንቶው ደረቅ እስከ ሆኑ ድረስ ድብልቅ እንበላቸው። ውሃ ከነካቸው በኋላ ግን «ድብልቁን አስተካክሉ» የሚል ትእዛዝ ከአፋችን አይውጣ፤ ቡኮ እንበለው፤ ሰዓቱም ይመዝገብ።

በእኔ የሥራ ቦታ ይህ መዝገብ ከተጀመረ ሰንብቷል። እኚያ አዛውንት ግንበኛም ዛሬ ጋሪ ሲመጣላቸው ከእኔ ቀድመው «ውሃ የነካው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።