ቤትና ባለቤት በልብ ወለድ ድርሰት
(ኡካ ላይ ለተማሪዎችና ለአስተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንናገረው ስለ ቤት ነው። «ስለ ቤት ለመናገርማ አናጢ አይበቃም ወይ?» የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም። እኛ የምንናገረው ግን በእንጨትና በጭቃ ስለሚሠራው ሳይሆን ደራሲ በቃል ስለሚሠራው ቤት ነው። ደራሲ ለሰዎቹ ቤት ሲሠራላቸው ጣራና ግድግዳ ብቻ አያቆምም፤ ጠባያቸውንና በማኅበሩ ውስጥ ያላቸውን ደረጃ አብሮ ያቆማል። ጥያቄያችን እንግዲህ ይህ ነው፦ አንባቢ ያንን ቤት ሲያይ የትኛውን የደረጃ ምልክት፣ የትኛውንስ የጠባይ ምልክት አድርጎ ሊወስደው ይገባል? ሁለቱን ማደባለቅ በመጽሐፍ ላይ ሲሆን የንባብ ጉድለት ነው፤ በኑሮ ላይ ሲሆን ግን ግፍ ነው።

ነገሩ ከቋንቋችን ይጀምራል። በአማርኛ ንብረት ያለው ሰው «ባለቤት» ነው፤ ባልና ሚስትም «ባለቤቴ» ይባባላሉ፤ በሰዋስውም ቢሆን ዐረፍተ ነገር ያለ ባለቤት አይቆምም። እዚህ በኢሉባቦር በስፋት በሚነገረው በኦሮምኛም ባል «አባ መና»፣ ሚስት «ሃዸ መና» ይባላሉ፤ የቤት አባትና የቤት እናት ማለት ነው። ከሹም ዘንድ ጉዳይ ለማስፈጸም ሲጠባበቁ መዋልም «ደጅ መጥናት» ይባላል። ስለዚህ ልብ ወለድ ከመጻፉ አስቀድሞ ሕዝባችን ሰውን በቤቱ፣ ሥልጣንንም በደጃፉ ይለካ ነበር ማለት ነው።

ወደ አገራችን ድርሰት ከመግባታችን በፊት ነገሩን ግልጥ የሚያደርግልን አንድ የውጭ አገር ምሳሌ እንጥቀስ። ፈረንሳዊው ባልዛክ በ1835 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በወጣው «አባ ጎሪዮ» በተባለው ልብ ወለዱ ወይዘሮ ቮኬ ለተከራዮች ያዘጋጀችውን አንድ የፓሪስ ቤት ዘርዝሮ ያሳያል። በዚያ ቤት ፎቁ ከፍ ባለ ቍጥር ኪራዩ ዝቅ ይላል። ሽማግሌው ጎሪዮ ገንዘቡን ለሁለት ሴት ልጆቹ እያፈሰሰ ሲደኸይ ከተሻለው ክፍል ወደ ርካሹ፣ ከርካሹም ወደ ባሰው ይወጣል። ተከራዮቹ ግን ድህነቱን ከመጥፎ አመል የመጣ አድርገው ያሙታል፤ ይስቁበታል። እውነቱን የሚደርስበት ከገጠር መጥቶ ሕግ የሚማረው ወጣቱ ራስቲኛክ ነው። ተከራዮቹ የተሳሳቱት ክፍሉን በማየታቸው አይደለም፤ ከክፍሉ ያነበቡት የኪስ ነገር ሆኖ ሳለ የልብ ነገር ነው ብለው በመፍረዳቸው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ወጣ። በዚያ መጽሐፍ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት የጎጃም ባላባት ቤት ነው። የባላባት ቤት ደግሞ ወግ አለው፤ ቤተ ዘመድ እልፍኝ ይገባል፤ ባለጉዳይ ደጅ ይጠናል፤ ገባሩ ከሩቅ እጅ ነሥቶ ያመጣውን አስረክቦ ይሄዳል። የማንኩሳው ገበሬ ልጅ በዛብህ ይህን ደጅ ያለፈው በትምህርቱ ነው። የፊታውራሪን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ተጠራ፤ ገባ። ፍቅራቸው ሲታወቅ ግን ትምህርቱ የከፈተለትን በር ዘሩ ዘጋበት። እውቀት አስተማሪ አድርጎ አስገባው እንጂ አማች አድርጎ ሊያስቀምጠው አልቻለም።

ቤቱ የጎዳው ግን የውጭውን ሰው ብቻ አይደለም። ሰብለ ወንጌል ሳታገባ የቆየችው ቤቱ ስለ ደኸየ ሳይሆን፣ ከቤቱ ክብር ጋር የሚመጣጠን ባል ጠፋ ስለ ተባለ ነው። ፊታውራሪም ያንኑ ክብር ለማስጠበቅ ገባሮቻቸውን ሊወጉ ወጥተው በአበጀ በለው እጅ ወደቁ። ከእርሳቸው ወገን የተወለደው ጉዱ ካሳ ማኅበራዊ ሥርዓቱን አንዱ ባንዱ ላይ ከተደራረበ ሕይወት የለሽ የድንጋይ ካብ ጋር ያመሳስለዋል፤ የታችኞቹ ሲናጉ የላዮቹ አይጸኑም። በዚህ ካብ ላይ የታላላቆች ቤት ከተሠራ፣ የግድግዳውን ውፍረት ብቻ አይቶ «እንዴት ያለ ጽኑ ቤት ነው!» ማለት አይበቃም፤ ከሥሩ ማን ተጭኖ እንደሚኖር መጠየቅ ያስፈልጋል። በመጨረሻም ሰብለ፣ በዛብህና ጉዱ ካሳ ባንድነት የሚያርፉት በመቃብር ነው። ደራሲው ለሦስቱ የሚሆን ሌላ ቤት በዚያ ሥርዓት ውስጥ አላገኘላቸውም።

በዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር»ን በ1962 ዓ.ም. ሲያወጣ ጉዳዩ ከባላባት ግቢ ወደ አዲስ አበባ ዘመናዊ ኑሮ ተሻገረ። አበራ ወርቁ የተማረ፣ የመንግሥት ሥራ ያለው፣ ነገር ግን በሥዕል ፍቅር የተያዘ ሰው ነው። ታላቅ ወንድሙ አባተ ሥራውን አክብሮ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ እንደ ሰው እንዲኖር ይወተውተዋል። የአበራ ችግር ጣራው የሚያፈስበት ሰው ችግር አይደለም፤ የሚኖርበት ኑሮ የራሱ ምርጫ ያለ መሆኑ ነው። በፊታውራሪ ቤት ደረጃና ጠባይ ተጣብቀው አይተናል፤ ባበራ ግን ተለያዩ። ኑሮው ደረጃውን ይናገራል፤ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ድህነት የጠባይ ማስረጃ እንዳልሆነ ሁሉ፣ የተደላደለ ኑሮም የእርካታ ማስረጃ አይደለም።

በዓሉ ግርማ የተወለደው እዚሁ በኢሉባቦር፣ በሱጴ ነው። በ1966 ዓ.ም. ያወጣው «የሕሊና ደወል»፣ በኋላም በ1975 ዓ.ም. «ሐዲስ» ብሎ እንደገና የጻፈው ታሪክ ወደዚችው ሱጴ ይመልሰናል። ሐዲስ ሳህሌ የሚደክምለት ቤት የራሱ መኖሪያ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ነው። ይህን ከቀደሙት ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ደጅ የማይጠናበት፣ የአባት ስም ለመግቢያ የማይጠየቅበት፣ ባለቤቱም አካባቢው በሙሉ የሆነ ቤት ነው። በዓሉ ራሱ «ኦሮማይ»ን ካሳተመ በኋላ በ1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ፤ ወደ ቤቱም አልተመለሰም። የሠራቸው ቤቶች ግን በመጻሕፍቱ ውስጥ ቆመዋል።

አገሪቱም ተለውጣለች። በ1967 ዓ.ም. በየካቲት የገጠር መሬት አዋጅ፣ በሐምሌም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጡ፤ የባላባቱ ደጅ በሕግ ተዘጋ፤ የቀበሌ ቤት የሚባል አዲስ ነገርም ተፈጠረ። ሰውን በጣራው የመመዘን ልማድ ግን በአዋጅ አልተሻረም። የኢሉባቦርን ኑሮ አስቡ። ዝናቡ ብዙ ነው፤ የሣር ክዳን ቶሎ ይበሰብሳል። ቡና በደህና ዋጋ በተሸጠበት ዓመት ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ይወጣል፤ ዋጋ በወደቀበት ዓመት ያው ታታሪ ገበሬ ያንኑ ሣር ይጠግናል። እንግዲህ ያ ጣራ የሚነግረን የማንን ጠባይ ነው? የገበሬውን ወይስ የገበያውን? ዋጋው የሚቆረጠው ገበሬው በማያየው በሩቅ አገር ገበያ ሆኖ ሳለ፣ መንገደኛው «ሰነፍ ነው» ብሎ ፈርዶ ያልፋል።

ይህ ነገር እኛን ተማሪዎችን ከማንም ይልቅ ይመለከተናል። ነገ ከመካከላችን አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ዳኛ፣ የእርሻ ባለሙያ የሚሆን አለ፤ በየሰዉ ደጃፍ መቆማችን አይቀርም። ልብሱ ጢስ ጢስ የሚሸት ልጅ በፊታችን ሲቀመጥ ቤታቸው ጢስ ማውጫ እንደሌለው እንረዳ እንጂ ልጁ ግዴለሽ ነው አንበል። የሰው ጠባይ የሚታወቀው በግድግዳው ሳይሆን በበሩ ነው፤ ማንን ያስገባል? ማንን ያስቀራል? ቤት ያፈራውንስ ለማን ያቀርባል? ባለጸጋም ድኻም በዚህ ይፈተናሉ፤ በዚህ ፈተና ቆርቆሮና ሣር እኩል ናቸው።

በመጨረሻ አንድ አደራ አለን። የጎጃም ባላባት ግቢና የአዲስ አበባ ኑሮ ደራሲ አግኝተዋል፤ ሱጴም አግኝታለች። የኡካ፣ የጎሬ፣ የመቱና የቡሬ ቤቶች ግን ገና ብዙ የሚነገርላቸው አለ። ቡናው ደጅ ላይ ተሰጥቶ ዝናብ ሲያስፈራራ ቤተሰቡ እንዴት እንደሚሯሯጥ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ጻፉት። ስትጽፉም ለሰዎቻችሁ ቤት ሥሩላቸው፤ ግን በቤቱ አትፍረዱባቸው።