የአንድ አገር ሰው መሆን እንዴት ይመጣል?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አንድ ሰው ወይም አንድ ሕዝብ «እኔ የዚህ አገር ነኝ» ማለት የሚጀምረው በምን ምክንያት እንደ ሆነ እንድናገር ታዝዣለሁ። ርእሱ ሰፊ ጊዜውም አጭር ስለ ሆነ አንድ ቀን ብቻ መርጫለሁ፤ ይኸውም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ስለ ድሉ ግን አልናገርም፤ እርሱን ከእኔ የተሻሉ ተናግረውታል። የምናገረው በዓድዋ ስለ ተገናኙት ሦስት ዓይነት ወታደሮች ነው።

የመጀመሪያው ኢጣልያዊው ነው። ኢጣልያ አንድ መንግሥት የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1861 ስለ ሆነ በዓድዋ ጊዜ ዕድሜዋ ገና 35 ዓመት ነበረ። የቋንቋ ሊቁ ቱልዮ ዴ ማውሮ እንደ ገመተው መንግሥቱ ሲመሠረት ጣልያንኛ የሚችለው ሰው ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ብቻ ነበረ፤ የቀረው የየአውራጃውን አነጋገር ይናገር ነበር። ስለዚህ መንግሥቱ የደቡቡን ገበሬ ከሰሜኑ ልጅ ጋር ባንድ ክፍለ ጦር ቀላቅሎ ከሁለቱም አገር አርቆ ያሰፍራቸው ነበር። ኢጣልያዊነት ለብዙው ሰው የመጣው በጦር ሰፈር፥ በትምህርት ቤት፥ ከ1954 ወዲህም በቴሌቪዥን ነው። ሊያሠለጥነን መጣሁ ያለው ራሱ ገና በመሠራት ላይ ነበረ ማለት ነው!

ሁለተኛው የእኛው ዘማች ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን፥ የወሎው ራስ ሚካኤልን፥ የትግራዩ ራስ መንገሻን፥ የሐረሩ ራስ መኰንንን ተከትሎ መጣ። በ1874 ዓ.ም. ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ በእምባቦ ተዋግተው ነበር፤ ከ14 ዓመት በኋላ የሁለቱ ጦር ባንድ ወገን ተሰለፈ። ዘማቹ ከቤቱ ሲነሣ የሰማው የጌታውን ነጋሪት ነው፤ ሲመለስ ግን የሚያወራው ወሬ ከሌላው ጋር አንድ ሆነ። በእኔ አስተሳሰብ አገር የሚሠራው ከነጋሪቱ ይልቅ በወሬው ነው። ነገር ግን ወሬው ለሁሉ እኩል አይደርስም። ወላይታ በምኒልክ ጦር የተያዘው በ1887 ዓ.ም. ከዓድዋ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ የዚያ አገር ልጅ ያንኑ ዘመን በሌላ ዓይን ቢያየው ልንቆጣው አይገባንም።

ሦስተኛው ወታደር በበዓል ንግግሮች ላይ እምብዛም አይነሣም፤ ለኢጣልያ የተዋጋው አስካሪ ነው። ብዙው የመረብ ማዶ ሰው ስለ ነበረ ቋንቋው የራስ አሉላና የራስ መንገሻ ወታደሮች የሚናገሩት ትግርኛ ነበረ። በ1881 የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ በ1882 ኢጣልያ አገሩን ኤርትራ ብላ ቅኝ ግዛቷ አደረገች። እርሱ ሳይጠየቅ በሁለት ዓመት ውስጥ የሌላ ንጉሥ ተገዥ ሆነ። ከድሉ በኋላ የኢጣልያ ምርኮኞች ወደ አዲስ አበባ ተወስደው በ1889 ከተፈረመው የሰላም ውል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፥ የተማረኩት አስካሪዎች ግን እንደ ከዳተኛ ተቈጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈረጠ። ባዕዱ ጠላት ስለ ነበረ ተማረ፤ ወንድም የተባለው ወንድም ስለ ተባለ ተቀጣ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የአገር ሰው መሆን በልብ ውስጥ የሚሰማ ነገር ነው እንላለን። አስካሪው ግን የሚሰማውን ማንም ሳይጠይቀው ኢጣልያ በብዕር፥ እኛም በሰይፍ የእኛ ነህ አልነው። እርሱና ልጆቹ በዚያ በብዕር በተሠመረው ወሰን ውስጥ አብረው ተገዙ፥ አብረው ግብር ከፈሉ፥ በኋላም አብረው ታገሉ፤ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔም ከመቶ 99.8 የሚሆነው ድምፅ ለነጻነት ተሰጠ። ዘጠኝ ብሔረሰቦች ያሉበት አገር ከአንድ መስመር ተነሥቶ አንድ ሕዝብ ነኝ ለማለት መቶ ዓመት ያህል ብቻ በቃው።

ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በብሔር ምክንያት ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ሄደዋል። ከሞቱት መካከል ማንነቱን አስቀድሞ የተጠየቀ ያለ አይመስለኝም፤ ሌሎች ወስነውለታል።

ማኅበራችን ለየካቲት 23 በዓል የሚያዘጋጀውን ዝግጅት ኮሚቴው በመጪው ሳምንት ይወስናል። እስካሁን የተያዘው አሳብ ተማሪዎች በየክልላቸው ልብስ ተሰልፈው እንዲያልፉ ነው። እኔ ደግሞ የወላይታው፥ የመረብ ማዶውና የሸዋው ወገን ያንን ዘመን እንዴት እንደሚተርከው ከመድረክ እንዲነገር፥ ቢያንስ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ እንዲሰጠው አሳቤን አቀርባለሁ። የሚቃወም ካለ አሁን ለጥያቄ በተመደበው ጊዜ ይናገር።